ታጋች አጋቹን መውደዱ በሽታ ነው?

ጥያቄ (ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልን። ከእገታ ከሚመለሱት አንዳንዶቹ አጋቻቸው ሲወቀስ ይቆጣሉ፤ «እሱ ባይኖር ሌሎቹ ይገድሉኝ ነበር» ይላሉ። ቤተሰብ «ስቶክሆልም ሲንድረም ይዞታል» እያለ ይጨነቃል። በሕክምናው የታወቀ በሽታ ነው? መዝገብ ላይስ ምን ይጻፍ?

መልስ (የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት)
በዚህ ስም የሚታወቅ በሽታ የለም። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ በሆነው ዲኤስኤም-5 ውስጥም ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር በሆነው አይሲዲ-11 ውስጥ አልገባም። ስሙን ያወጣው ኒልስ ቤጀሮት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ውስጥ አራት የባንክ ሰዎች ለስድስት ቀን ሲታገቱ የፖሊስ አማካሪ የነበረ ሐኪም። ከታጋቾቹ አንዷ ክሪስቲን ኤንማርክ ለጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ደውላ፣ የምትፈራው ፖሊስ ሰብሮ ሲገባ መሞትን እንደሆነ ነግራዋለች። ያለችበትን ላሰበ ሰው ይህ ስሌት እንጂ እብደት አይደለም።

ትስስሩ ግን አለ። መውጫ በሌለበት፣ ሊገድል የሚችል ሰው እፍኝ ቆሎ ወይም በጣርማ በር ብርድ ጋቢ ሲሰጥ፣ ያቺ ትንሽ ነገር ሕይወትን ያህል ትገዝፋለች። ዛቻና ቸርነት ሲፈራረቁ ደግሞ ትስስሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሚስቱን የሚደበድብ ባልም ቤት የሚታየው ይኸው ነው።

መዝገብ ላይ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ ከመንገድና ከሰው መሸሽ ካለ ጠይቁ። ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካወከ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ላኩ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ሳምንትስ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መልስ (የሥነ አእምሮ ነርስ)
«ጠላትህ ነው፣ ርገመው» እያሉ አይከራከሩት። በተከራከሩት ቁጥር አጋቹን ይከላከላል፣ ከዚያም ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ሌላውንም ሕመሙን አይነግራችሁም። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ታሪኩን አያስደግመው፤ አስገድዶ ማስተረክ አይጠቅምም። ለድንጋጤው ተብሎ ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠትም ይቅር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያው ወር እንዳይሰጥ ይመክራል። ምን ይብላ፣ መቼ ይተኛ፣ ማን ይግባ፣ እሱ ይወስን፤ የተነጠቀው ይህ ነውና።

መልስ (ጠበቃ፣ ደብረ ሲና)
ፍርሃትን ከመውደድ መለየት አለባችሁ። «ቢያዝ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዘመዶቼን ይፈጁብኛል» ካለ ፍርሃት ነው፤ ጥበቃ ይፈልጋል። «ያሳዝነኛል» ካለ ሌላ ነው። በሁለቱም ግን ምስክርነቱ ዋጋ አያጣም። የምርመራ ቃል ሲሰጥ ቤተሰብ አጠገቡ አይቀመጥ፤ መርማሪው «መታህ አይደል?» ከማለት «ከዚያ ምን ሆነ?» ይበል።

ጠለፋ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ተጠላፊዋ «ወድጄዋለሁ» ስትል ሽማግሌ ለዕርቅ ይቸኩላል። በ1949ኙ ሕግ ጋብቻው ከጸና ክስ ይቀር ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ በኋላ መጋባታቸውም ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። የሴቲቱ ስሜት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጠለፋውን ግን አያስቀረውም።