ጀርባዋ ላይ ክር የተሸከመች ተርብ፦ ምን ብዬ ልመዝግባት?

የጭቃ በር
ሰላም ለሁላችሁ። ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦች በጭቃ የሚደፍኗቸውን የግድግዳ ቀዳዳዎች መከታተል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ አንዲት እንግዳ መጣች። ጥቁር ናት፣ ቢጫ መቀነት አላት። ያቺ የተለመደችው ተናዳፊ ተርብ መስላኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ክንፎቿንም እንደዚያችው በቁመታቸው አጥፋ ነው ያረፈችው።

ግን ከሆዷ ጫፍ ተነስቶ ጀርባዋ ላይ ወደ ፊት የተኛ ቀጭን ክር አየሁ። ጭቃውን በአንቴናዋ ኳ ኳ ስታደርግ ቆየች። ከዚያ ክሩን አውጥታ ቁልቁል ሰካችው። ሩብ ሰዓት ያህል ንቅንቅ አላለችም። እኔም አብሬያት ደርቄ ቀረሁ፤ ወገቤን ዛሬም ያመኛል።

አራት ፎቶ አለኝ። ሦስቱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፤ እሱም ደብዘዝ ብሏል። የስልኬ አፕ «ተራ ተርብ» አለኝ። ተራ ተርብ ግድግዳ ትበሳለች እንዴ?

አጉሊ
ሌውኮስፒስ ናት ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ብዙ ጊዜ አትገኝም። የኋላ እግሯን ጭን ተመልከት፦ እንደ ባቄላ ያበጠ፣ ከሥሩ ጥርስ ያለው። ተናዳፊዎቹ ይሄ የላቸውም። ክሩ እንቁላል መጣያዋ ነው። እጯ የንቧን እጭ በልታ ነው የምታድገው። አንተንም አባረረችህ አይደል? ማስመሰሏ ሠርቷል ማለት ነው።

ባለ መርፌው
ጂነሱ፣ ማለትም የቅርብ ዝርያዎች ወገኑ፣ ልክ ነው። ዝርያዋን ግን ከላይ በተነሳ ፎቶ እንዳትደፍር። የጭኑ ጥርሶች ቅርጽና ብዛት፣ እንቁላል መጣያው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ከጎን ነው ጥርት ብሎ የሚታየው። «ሌውኮስፒስ» ብለህ እዚያው አቁም። የተሳሳተ የዝርያ ስም ከገባ በኋላ ማስወጣቱ አበሳ ነው፣ ስንቱን አይተናል። ቀን፣ ሰዓት፣ የጂፒኤስ ነጥብ ጻፍ። ከሁሉም በላይ የማን ጎጆ እንደሆነ። የንቧን ማንነት የያዘ መዝገብ ከአሥር ቆንጆ ፎቶ ይበልጥብኛል። ቀዳዳው ላይ ስስ የመረብ ቆብ ብታደርግ የሚወጣውን ትይዛለህ፤ ንብም ይውጣ ተርብ።

የጭቃ በር
ደብዛዛውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ጥርሶቹ አሉ! አራት ቆጥሬ አምስተኛው ላይ ጠፋብኝ። «ሌውኮስፒስ፣ ሴት» ብዬ መዝግቤያለሁ። ቀዳዳው አጠገብ በእርሳስ 7 ብዬ ጻፍኩ። መረቡን ነገ እሰፋለሁ።