ከአምስት የፕላስቲክ ቱቦዎች ጎን ለጎን አስሬ የሠራሁትን የትንፋሽ መሣሪያ እንዴት ልቃኘው?

ልጄ የትዝታን ቅኝት በእጇ ይዛ እንድትማር ብዬ፣ የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ አምስት ቁራጭ ቆርጬ፣ የታች ጫፋቸውን በቀለጠ ሻማ ደፍኜ፣ ጎን ለጎን በክር አስሬአቸዋለሁ። የድምፅን ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ይዤ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት) አራት እጥፍ በማካፈል የውስጥ ርዝመታቸውን 16.4፣ 14.6፣ 13.0፣ 10.9 እና 9.7 ሴንቲ ሜትር አደረግሁ። ሆኖም ሁሉም ካሰብኩት ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ አጫጭሮቹ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ማለታቸው በጣም አስጨንቆኛል፤ ልጄ የተዛባ ቅኝት እንድትለምድ አልፈልግምና። ከርዝመቱ ምን ያህል መቀነስ ይገባኛል? ሳልቆርጥ ሻማ በመጨመር ብቻ ማስተካከል ይቻላል? በተለይ ፊላን፣ ማለትም በደቡብ ኢትዮጵያ የደራሼ ሕዝብ የሚነፋውን የቱቦ መሣሪያ፣ የምትሠሩ ወይም የምትነፉ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።