መልሱን ከሰርጉ ጋር እንደርበው ወይስ ለእናቴ እንተውላት?

የጎፋዋ ሙሽሪት፦

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። ሰርጌ ጥር ውስጥ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ። የምንጋባው በተክሊል ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ በጥሎሹ ተስማምተናል፣ ለአዳራሹም ቀብድ ከፍለናል። እስከዚህ ሁሉም በሰላም ሄዷል። የጨነቀኝ መልሱ ነው።

የእጮኛዬ ቤተሰቦች መልካም ሰዎች ናቸው። "ኑሮ ተወዷል፤ ሰርጉንም ቅልቅሉንም መልሱንም በአንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ እንጨርሰው። አመሻሽ ላይ ካባ ትለብሳላችሁ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ በቃ" አሉ። እጮኛዬም በዚህ ተስማምቷል። ሒሳቡን ስንሠራው እኔም ልክ መሆናቸው ይገባኛል። የምንገባበት የኪራይ ቤት የወራት ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ፍሪጅ የለንም። አልጋ እንኳ ገና አልገዛንም።

እማዬ ግን ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ለመልሱ መዘጋጀት የጀመረችው ገና ህዳር ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤት ስሄድ በረንዳው ላይ ጆንያ ዘርግታ በርበሬ ስትቀነጥስ አገኘኋት። ዛላውን አንድ በአንድ እያነሳች በፀሐይ ታየዋለች። ነጣ ያለውን ወዲያ፣ ደም የመሰለውን ወዲህ። ልረዳት ቁጭ ስል "ያንን አትንኪው፣ እሱ የመልስሽ ነው፤ የቤቱ ይኸኛው ነው" አለችኝ። ኮረሪማውንና ነጭ አዝሙዱንም ለየብቻ ቋጥራ አስቀምጣዋለች።

ደግሞ የሰፈሩ ነገር አለ። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ በብሎካችን ሰርግ ሲኖር እማዬ የማትገኝበት ጊዜ የለም። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ድስት ስታማስል ታድራለች። ለማን ምን እንዳደረገች፣ ማን ምን እንዳደረገላት የምትጽፍበት ደብተር አላት። አንዷ የሰጠቻት ሳጥን ለስላሳ፣ ሌላዋ የጋገረችላት ድፎ ዳቦ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። አዳራሹ የሚይዘው 400 ሰው ነው። ለእኛ ወገን የደረሰን 150 ወንበር ነው፤ ዘመድ ብቻ ጠርተን ራሱ አይበቃንም። ታዲያ እነዚያ ሴቶች የት ሊቀመጡ ነው? ስንት ዓመት አብራቸው ጭስ ስትጠጣ ኖራ፣ የራሷ ልጅ ስትዳር በሩን ዘግታባቸው እንዴት ቀና ብላ ትሄዳለች?

መልስ ለየብቻ ያደረጋችሁም፣ የደረባችሁም፣ እባካችሁ ንገሩኝ። በትንሽ ወጪ መልስ ማድረግ ይቻላል? እጮኛዬንስ እንዴት ላስረዳው?

አያት ጨፌ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው ያደረግኩት። ወጪው በጣም ቀንሶልናል፣ በዚህ አልዋሽሽም። በተረፈን ገንዘብ ሶፋ ገዝተናል። የእኔ ወላጆች ግን ክፍለ ሀገር ስለሆኑ አዲስ አበባ ላይ የሚጠሩት ጎረቤት አልነበራቸውም። የአንቺ ጉዳይ ይለያል። ከደረብሽ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ቬሎ አውልቆ ሐበሻ ቀሚስና ካባ መልበስ፣ ፀጉር እንደገና መሠራት ቀላል አይደለም። እኛ ተዘጋጅተን እስክንወጣ እንግዳው ግማሹ ሄዷል። ዳቦው ሲቆረስ የቀሩት ሚዜዎቹና የቅርብ ቤተሰብ ነበሩ።

ባለትዳሩ፦

እኔም በተክሊል ነው ያገባሁት። ገንዘቡን ለጊዜው ተዉትና ስለ ቀኑ አስቡ። ከቅዳሜ ጀምራችሁ እህል ውሃ ሳትቀምሱ ታድራላችሁ። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ትገባላችሁ። ቅዳሴው፣ ተክሊሉ፣ ቁርባኑ ሲያልቅ ረፋድ ይሆናል። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ አዳራሽ። በዚያ ላይ ማታ ሌላ ድግስ ሲጨመር ሰውነት አይችለውም። ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው ደግሞ ሰከን ብሎ ነው መዋል ያለበት። ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እጮኛሽ የሚሰማውም ከእሳቸው አፍ ሲሆን ነው።

ሳልረሳው፣ ከሰርጉ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ማስረጃ ይዛችሁ ወረዳችሁ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። በቤተሰብ ሕጉ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ነው። ቢሆንም መመዝገቡ ግዴታ ነው፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። በጫጉላ ሰበብ ብዙ ሰው ያሳልፈዋል።

ወጥ ቤት፦

ልጄ፣ እኔ ድግስ እየሠራሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። መልስን የሚያስወድደው "የሰርጉን ያህል ይሁን" የሚለው ነገር ነው። ማን አለ የሰርጉን ያህል ይሁን ያለ?

ዶሮውን ለሙሽሮችና ለሚዜዎች ገበታ ብቻ ሥሩ። ለቀረው ሰው ቅቅል፣ አልጫና ምንቸት አብሽ ይበቃል። ለ100 ሰው ከሆነ በሬ ሳትጥሉ በበግ ትወጡታላችሁ። ቢራ አታብዙ፣ ጠላ ይጠመቅ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ከዕድሩ ጠይቁ። ማብሰያው ደግሞ የኮንዶሚኒየማችሁ የጋራ ቤት፣ ኮሚናሉ አለላችሁ። ቁልፉን ግን ከኮሚቴው ዛሬውኑ አስይዙ፤ ጥር ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው።

ቀኑን ማክሰኞ አድርጉት። ሰኞ ይሠራል፣ ማክሰኞ ይበላል። ወደ ረቡዕ ከገፋችሁት ጾም ነው፣ ሥጋ አይበላም።

ለዶሮው ሽንኩርቱ ሰኞ ጠዋት ይላጥ። ውሃው መጥጦ እስኪያልቅ ያለ ዘይት፣ በእርጋታ ይቁላላ። እሳት አታብዙበት። በርበሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እናትሽ ደም የመሰለውን ዛላ ለይታ ያስቀመጠችው ዝም ብላ አይደለም። ሲያልቅ ወጡ ላይ ታዪዋለሽ።

ደግሞ ጎረቤቶቹን በእንግድነት ብቻ አትቁጠሪያቸው። ሠራተኞቹም እነሱ ናቸው። እናትሽ ስንት ዓመት ያበደረችው ጉልበት አለ። ብድር በምድር ነው፤ ያን ቀን ወጥ ሠሪ ልቅጠር ብትሉ ራሱ ይቆጧችኋል።

የጎፋዋ ሙሽሪት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እትዬ ወጥ ቤት፣ የጻፉልኝን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሽንኩርቱ ጋ ስደርስ "ይህቺ ሴት ታውቃለች" አለች። ከዚያ ደብተሯን አምጥታ ስም መቁጠር ጀመረች።

ጋሼ ባለትዳሩ እንዳሉኝ ከእጮኛዬ ጋር የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። እሳቸውም በዕለቱ ድግስ አታብዙ አሉን። ለእኔም ሊፕስቲክ እንዳልቀባ ነገሩኝ። ስንወጣ እጮኛዬ ራሱ "ቅልቅሉ በሰርጉ ቀን አዳራሽ ይሁን፣ መልሱ ማክሰኞ እናንተ ግቢ ይሁን" አለ። ለቤተሰቦቹም እሱው ነገራቸው። አባቱ ምንም አላሉም። እናቱ "እንግዲያው በጎቹን እኛ እንገዛለን" ብለዋል። እሳቸው እንዲህ ሲሉ እማዬን ብታዩዋት!

ወጪውን ለማካካስ ከአዳራሹ ዲኮር ቀንሰናል። የመግቢያው የአበባ ቅስትም ቀርቷል፤ ለደቂቃ ፎቶ ያን ያህል ብር ማውጣት ከልቤ አልፈለግኩም ነበር። የኮሚናሉን ቁልፍ አስይዘናል።

አሁን የቀረኝ ካባው ነው። ሁለት ካባ ለአንድ ቀን ብቻ መግዛት ከበደኝ። ተከራይታችሁ የምታውቁ አላችሁ?

አያት ጨፌ፦

እኛ ተከራይተን ነው። ሽሮ ሜዳ ሐበሻ ልብስ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ያከራያሉ። የጥምቀት ሰሞን ሩጫ ሳይጀምር ሂዱ፣ አብራችሁ ሂዱ፣ ለክታችሁም ያዙ። የባለቤቴ ትከሻው ላይ ጠብቦት ነበር። ጥልፉ የላላ መሆን አለመሆኑን እዚያው እያላችሁ በብርሃን እዩት፤ ስትመልሱ እናንተ ናችሁ የምትጠየቁት።