ክረምት ነው፤ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ የፎቶ ቅንብር እንዴት ልለማመድ?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራ የለኝም፣ የማነሳው በስልኬ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ቤት ያለውን እያነሳሁ ቅንብር መማር ፈልጌያለሁ። ቡና ሲፈላ ረከቦቱን አነሳለሁ። ፎቶው ጥርት ይላል፣ ግን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ጀበናው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ዳንቴል፣ በር ላይ ያለው ጫማ ሁሉ እኩል ይታያል። ከየት ልጀምር?

የሂርማታ ልጅ፦ እህቴ፣ ከመቀነስ ጀምሪ። አንድ ሲኒ ብቻ መስኮት አጠገብ አስቀምጪ። አምፖሉን አጥፊው፤ የሱና የመስኮቱ ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ ፎቶውን ያበላሹታል። ከዚያ ሲኒውን ሳትነኪ አንቺ ዙሪው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ቅርጹ ይጎላል። ከጀርባሽ ሲመጣ ጠፍጣፋ ይመስላል። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ክረምቱ እንዲያውም ይረዳሻል።

ፎቶ ቤት የሚሠራ፦ ትክክል ነው። ኤድዋርድ ዌስተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ያነሳው አንድ ቃሪያ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። ቃሪያውን ያስቀመጠው ዘይት በምንቀዳበት ዓይነት የቆርቆሮ ኢምቡቶ ውስጥ ነበር። ኢምቡቶው ከጀርባ ያለውን ሁሉ ጋረደለት፣ ብርሃኑንም መልሶ ቃሪያው ላይ ጣለለት። ያንቺም ጣጣ ከጀርባ ያለው ነገር ነው። ቴሌቪዥኑን ከቦታው ማንሳት አያስፈልግም፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን በይና ከፍሬሙ ይወጣል። የስልኩን ግሪድ (ስታነሺ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን መስመሮች) አብሪና ጀበናውን መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው 4 ነጥቦች አንዱ ላይ አድርጊው።

ባለ በርጩማው፦ ግሪዱ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሌ አይሠራም። ረከቦቱን ቀጥ ብለሽ ከላይ ስታነሺው መሃል ላይ ነው የሚያምረው። እኔ የምመክርሽ የኛን የጅማ በርጩማ ነው። ሦስት እግር አለው፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም ራሱ ቅርጽ ነው። ቁጢጥ ብለሽ በእግሮቹ ከፍታ አንሺው። አትጠጊው ግን፤ የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የፊቱ እግር ያለ ልክ ይገዝፋል። ራቅ ብለሽ በስልኩ ዙም 2 እጥፍ አቅርቢው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የዕጣኑስ ጭስ? በዓይን እያየሁት ፎቶው ላይ ይጠፋል።

ፎቶ ቤት የሚሠራ፦ ጭስ የሚታየው ብርሃን ከበስተኋላው ሲመታውና ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። ማጨሻውን በመስኮቱና በአንቺ መካከል አድርጊ፣ መስኮቱ ራሱ ግን ፍሬም ውስጥ አይግባ። ከኋላ ጠቆር ያለ መጋረጃ ወይም በር ካለ በቂ ነው። ከዚያ ስክሪኑን ጭሱ ላይ ነካ አድርጊና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ጎትቻት።