ኮሮና ጊዜ ጓንት ከጎረቤት አገር ለምን አላመጣንም?

የወሎዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው የምጠይቀው። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ኬዝ ሲነገር ደሴ አክስቴ መድኃኒት ቤት ነበር የምሰራው፣ ማስኩ በሁለት ቀን አለቀ፣ ጓንቱ ደሞ በሳምንቱ፣ መጨረሻ ላይ አክስቴ አንዲት የቀረች ፓኬት ከፍታ ጥንድ ጥንዱን በወረቀት እየጠቀለለች ነበር የምትሸጠው (ንጽህናውን ተዉት አትጠይቁኝ)። ጅምላ አከፋፋዩ ጋ በደወልን ቁጥር "ጅቡቲ ደርሷል፣ በዚህ ሳምንት ይገባል" ነው መልሱ፣ ክረምቱ ገባ፣ ጓንቱ አልገባም። እና ጥያቄዬ ምንድነው፣ ኬንያ እዚሁ አጠገባችን ናት፣ መድኃኒት ፋብሪካም አላት ይባላል፣ በሞያሌ ጭኖ ማምጣት ምን ከለከለን? ድንበር ስለተዘጋ ነው ወይስ ያው ዶላር?

የጋላፊ መንገደኛ፦
እህቴ፣ ድንበሩ ለሰው እንጂ ለጭነት አልተዘጋም። እኔ ያኔ ትራንዚተር ነበርኩ፣ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ የማስጨርስ። መኪናው ይሄዳል ግን ይንቀራፈፋል፣ ሚያዝያ ላይ ጅቡቲ ኬዙ ስለበዛ ሹፌሮቻችን ናሙና እየሰጡ ነበር የሚያልፉት፣ ከጅቡቲ ነው የመጣሁት ያለ ሹፌር አልጋ የሚያከራየው ሁላ አጥቶ ጋቢና ውስጥ ያድራል። ኬንያና ኡጋንዳ ድንበር ማላባ ላይማ የከባድ መኪናው ሰልፍ በኪሎሜትር ነበር። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕቃውን ያስቀረው መንገዱ አይደለም። አንድ አስመጪ ደንበኛዬ ከቻይና ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ባንክ ሄደ፣ የዶላር ወረፋ ጠብቆ ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እስኪከፈትለት ሳምንታት ፈጀ፣ ፕሮፎርማው ላይ ደሞ ዋጋው የሚጸናው ለ24 ሰዓት ነው ይላል። መልሶ ሲደውል ዕቃው ካሽ ይዞ ለቀደመ ሰው ተሸጧል። ስለዚህ የናንተ ሰውዬ ጅቡቲ ደርሷል ያላችሁ ጓንት ምናልባት ከፋብሪካውም አልወጣም።

ስቶር ኪፐሩ፦
የወሎዋ፣ ኬንያም እኮ ጓንቱን የምታስመጣው እንደኛው ነው። ያኔ ከዓለም ጓንት ከግማሽ በላይ የሚሰራው ማሌዥያ ነበር፣ ናይሮቢም ካምፓላም ካርቱምም እዛው ሰልፍ ላይ ነው የቆሙት። ኅዳር 2013 ላይ ደሞ ትልቁ አምራች ቶፕ ግላቭ ሰራተኞቹ ራሳቸው በኮሮና ተይዘው 28 ፋብሪካ በየተራ እንዲዘጋ ተደረገ፣ ጓንት የሚሰራው ሰው ታሞ ጓንት ከየት ይምጣ። መድኃኒቱም ያው ነው፣ የኬንያም የኛም ፋብሪካ ፓራሲታሞል የሚሰራው ዱቄቱን ከህንድና ከቻይና አምጥቶ ነው። ህንድ የካቲት 24 ማለትም እኛ ገና አንድ ኬዝ ሳይኖረን 26 ዓይነት ጥሬ ዕቃና መድኃኒት ያለ ፈቃድ አይወጣም አለች፣ ፓራሲታሞል አለበት፣ ለምን ቢባል እሷም ለብዙው መድኃኒት ጥሬ ዕቃ ከቻይና ጠባቂ ነበረች። ሰፈር ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ጎረቤት ጋ እንደመሄድ በይው፣ መስመሩ እኮ አንድ ነው።

አቧሬ፦
ቦሌ ግን ጢም ብሎ ነበር 😂 መጋቢት 13 የቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ የላከው እርዳታ ሲራገፍ በቲቪ አላያችሁም?

የካርጎ ልጅ፦
ያየኸው ለኛ ብቻ አልነበረም አቧሬ፣ ለ54 አገር ነው። ለእያንዳንዱ አገር 100,000 ማስክ፣ 20,000 የመመርመሪያ ኪት፣ 1,000 መከላከያ ልብስ፣ ቦሌ ገብቶ ተከፋፍሎ በኛው አየር መንገድ ወጣ። ሚያዝያ 6 ደሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እዛው የእርዳታ ዕቃ ማዕከል ከፈተ። እኔ ሌሊት ሌሊት ነበር የምገባው፣ ወንበሩ የተነቀለ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ካርቶኑን በእጅ እየተቀባበልን እንደ ጡብ ነበር የምንደረድረው፣ በዛ በር ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ የሚጫንበት ርብራብ) አይገባማ። ስንት ሺህ ማስክ ስጭን አድሬ የኔዋ ግን ሳምንት ሙሉ ያደረግኳት አንዷ ነች።

የወሎዋ፦
እሺ ገባኝ፣ መንገድ ቢኖርም የሚጫን የለም ነው ነገሩ። ታዲያ እዚሁ መስራት ነዋ፣ ሀዋሳ ፓርክ ማስክ ሰፍቶ አልነበር እንዴ?

ስቶር ኪፐሩ፦
ሰፍቷል፣ ለጎዳና የሚሆን የጨርቅ ማስክ ችግሩን አቅልሏል። ለሐኪሙ ማስክ ግን ዋናዋ መሃል ላይ ያለችው ስስ ማጣሪያ ነች፣ ሜልት ብሎውን የሚሏት፣ እሷ በስፌት መኪና አትሰራም፣ የራሷ ማሽን አላት፣ ያኔ ደሞ ዓለም ሁሉ እሷን ነበር የሚሻማው።

የጋላፊ መንገደኛ፦
ፋብሪካ መኖሩ ብቻም አያድንም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስፐን የሚባል መድኃኒት አምራች የአሜሪካውን ጆንሰን ኩባንያ የኮሮና ክትባት ብልቃጥ ውስጥ ይሞላ ነበር፣ ነሐሴ 2013 ላይ እዛ የተሞላው ወደ አውሮፓ እየተጫነ መሆኑ ተሰማ፣ ውሉን የያዘው ጆንሰን ነዋ፣ የቆመው የአፍሪካ ኅብረት ከተከራከረ በኋላ ነው። እኔን ከሁሉም የተዋጠልኝ የጋራ ግዢው ነው። ሰኔ 2012 ላይ ኅብረቱ ዚምባብዌያዊውን ባለሀብት ስትራይቭ ማሲዪዋን ይዞ የጀመረው ማለቴ ነው፣ አገሮቹ ትዕዛዛቸውን አንድ ላይ ያቀርቡ ነበር፣ ክፍያው ላይ አፍሪኤግዚምባንክ (የአፍሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ) ነበረበት። ያ የ24 ሰዓት ፕሮፎርማ እንዲህ ዓይነት ባንክ ከኋላው ካለ አያስደነግጥም። በዋናነት ግን የመንግሥት ግዢ ነበር፣ ለአክስትሽ ሱቅ አይደርስም ነበር።

የወሎዋ፦
እናመሰግናለን። አክስቴማ ከዛ ወዲህ ሁለት ካርቶን ጓንት አልጋ ስር ደብቃ ለክፉ ቀን ነው ብላ አታስነካም፣ ትላንት ጎትቼ ሳየው ኤክስፓየር ዴቱ ዘንድሮ ነው። ምን ልበላት?

ስቶር ኪፐሩ፦
አሁኑኑ ወደ ሱቅ አውጥታ ትሽጠው፣ በገንዘቡ አዲስ ገዝታ ታስቀምጥ፣ በየዓመቱ እንደዛ ታሽከርክረው። አልጋ ስር ደሞ አይሁን፣ ሙቀትና እርጥበት ላስቲኩን ያበላሸዋል፣ ሲለበስ ይቀደዳል።