ፍልፈልና እንጨት አብስባሽ ፈንገስ፦ «ውስጥ ለውስጥ» የሚሠራው የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ተንኮሉን ደብቆ ወዳጅነትን ወይም ማኅበርን ስለሚያፈርስ ሰው ስናወራ አንዳንዱ «እንደ ፍልፈል ውስጥ ለውስጥ ሄደበት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከውስጥ አበሰበሰው» ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ!

«ፈለፈለ»ን እዩት። አተር ይፈለፈላል፤ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። በሁሉም ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር አለ። ፍልፈልም እንደዚያው ነው። በፊት ጥርሶቹ አፈሩን ይፈነቅልና ወደ ላይ ገፍቶ ይከምረዋል። እሱን ባናየውም ክምሩ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳብቅበታል። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ ትልቁን ፍልፈል የምታድነው ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጣ ነው። ፍልፈል ድብቅ ነው፤ ግን ዱካ አለው።

ፈንገሱ ሌላ ነው። አካሉ የተሠራበት ክር እጅግ ቀጭን ስለሆነ በዓይን አንድ በአንድ አይለይም። ኢንዛይም እያመነጨ እንጨቱን ባለበት ያሟሟና ይመጠዋል። የሚከመር አፈር የለ፣ የሚታይ ቀዳዳ የለ። ቀለም የተቀባ የመስኮት ደፍ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ግን ስርጉድ ይላል። ቀለሙን ፍቀው ቢያዩት እንጨቱ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ትናንሽ ኩብ ተሰነጣጥቆ፣ በጣት መሃል ዱቄት ይሆናል። «ውስጡን ለቄስ» ለዚህ ነው የሚባለው!

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን «በሰበሰ» ራሱ ነው። «የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም» ስንል ስለ ፈረሰ እንጨት አናወራም፤ ዝናብ ስላራሰው ሰው ነው። መራስም መፍረስም በአንድ ግስ! እንጨቱም ይህንኑ ይመሰክራል። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይሠራበትም። መጀመሪያ በውሃ ይበሰብሳል፣ ቀጥሎ በፈንገስ።

ስለዚህ ሰውየው ሥራው በየቦታው ምልክት የሚተው ከሆነ «እንደ ፍልፈል» በሉት። ቤቱ ቆሞ እያለ ጥንካሬው ካለቀ «አበሰበሰው» ነው ልኩ።

ጥያቄ፦ «ነቀዘ»ስ ወዴት ይጠጋል?

መልስ፦ ወደ ፍልፈል። ነቀዝ ይበሳል፤ ቀዳዳውም ዱቄቱም ይታያል።