ጄኔራል አማን አንዶም የደርግን ሊቀመንበርነት መቀበል ነበረባቸው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በኮሪያ የዘመቱት፣ በ1956 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ጊዜ የሐረሩን 3ኛ ክፍለ ጦር የመሩት፣ በኋላም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተቀመጡት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በመስከረም 1967 ዓ.ም. የደርግ ሊቀመንበር መሆናቸው ስህተት ነበርን?

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ስህተት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ሲወርዱ ደርጉ ሕዝብ የሚያውቀውና የሚያከብረው መሪ አልነበረውም። ስማቸውን ያዋሱት ጄኔራሉ ናቸው። ብዙ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ታስረው ሳለ ወንበሩን መቀበላቸው ለተከተለው ሁሉ ዋስ አድርጓቸዋል።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ስማቸውን ማዋሳቸውን እቀበላለሁ፤ ዋስ ሆኑ የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። ከየክፍሉ ተመርጠው ከመጡት ከመቶ የሚበልጡ የደርግ አባላት መካከል እርሳቸው አልነበሩም፤ ሊቀመንበር ተብለው ቢጠሩም ውሳኔው የሚወለደው እርሳቸው በማያዙት ጉባኤ ነበር። ያም ሆኖ ባገኙት ጥቂት ጊዜ የሠሩት ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ካርቱም ተወልደው ያደጉት የኤርትራ ተወላጅ፣ ወደ ኤርትራ ተመላልሰው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ችግሩ በሰላም እንዲፈታ ወተወቱ፤ ተጨማሪ ጦር እንዲላክ የቀረበውን ሐሳብ ተቃወሙ፤ እስረኞቹ ያለ ፍርድ እንዲገደሉም አልተስማሙም። ሐሳባቸው ሲሸነፍ ከቤታቸው ዋሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው በጦር ተከቦ በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ፤ በዚያችው ሌሊት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ በርካታ የቀድሞ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ዋስ ቢሆኑ ኖሮ እርሳቸውን መግደል ለምን አስፈለገ?

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ስለ እስረኞቹ ያነሡት ነጥብ እውነት ነው፤ ይህን ክብር ልነሣቸው አልፈልግም። ክርክሬ ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው። ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የመጣው እርሳቸው ራሳቸው ካዘዙት ክፍለ ጦር ነው። ጄኔራሉ ማዕረጋቸው በዚያ ጉባኤ ውስጥም ይከበራል ብለው ያመኑ ይመስለኛል፤ ነገር ግን የበታች መኮንኖችና ወታደሮች የበላዮቻቸውን ማሰር ከጀመሩ ወራት አልፈው ነበር፤ የማዕረግ ተዋረድ ፈርሷል። ይህን ከእርሳቸው በላይ ሊያውቅ የሚችል መኮንን ማን ነበር?

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ አውቀውት ይሆናል። እርሳቸው እምቢ ቢሉ ግን በእነዚያ ሁለት ወራት ስለ እስረኞቹ ሕይወት በጉባኤው ፊት ቆሞ የሚሟገት ሊቀመንበር አይኖርም ነበር።